ጎረቤት ስለከሰሰ ብቻ ተከራይ አይባረርም

ወንድሜ፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም ያከራየኸው ቤት ውስጥ «ሺሻ ይጨሳል» ብለው ጎረቤቶች ስለነገሩህ ዛሬውኑ ላስወጣው ወይ ብለሃል። እባክህ አትቸኩል። መጀመሪያ ቅሬታ አቅራቢዎቹን ለየብቻ አነጋግር፤ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ በዓይናቸው ያዩት ምንድን ነው፣ ከሰው የሰሙትስ? ጻፈው። «ሁሌ ይረብሻል» የሚል ቃል የትም አያደርስህም፤ «ማክሰኞ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ሙዚቃ፣ ደረጃው ላይ 5 ሰው» የሚለው ግን ማስረጃ ይሆንሃል። የጥበቃውንና የኮሚቴውን ቃልም ጨምርበት።

ከዚያ ተከራዩን በቀን ጥራው። የከሳሹን ስም ሳታነሳ ቅሬታውን ንገረውና አስጨርሰህ ስማው፤ ነገሩ የእንግዳ መብዛት ወይም የቆየ ቂም ሊሆን ይችላል።

ካልታረመ ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ፣ በሁለት ኮፒ ስጠው፦ የውሉን አንቀጽ ጥቀስ፣ ቀነ ገደብ አስቀምጥ፣ አስፈርመው። አልፈርምም ካለ ሁለት ምስክር ፊት አስረክበው።

በትርፍ ቁልፍ ገብቶ መፈተሽ፣ መብራት መቁረጥ፣ ቁልፍ መቀየር ግን ፈጽሞ አይሞከርም፤ ከሳሽ መሆን ሲገባህ ተከሳሽ ያደርግሃል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ዝቅተኛውን የውል ዘመን 2 ዓመት ስላደረገው፣ ያለበቂ ምክንያት ማስወጣትም ያስጠይቅሃል። ወንጀል ከጠረጠርክ ለፖሊስ አመልክት፤ ፍተሻ የእነሱ ሥራ ነው።