መልስ፦ ፍሪሲዮን ሲያልቅ ቮላኖውስ ይቀየር?
ከጅማ አጋሮ ቡና የሚያመላልሰው የናፍጣ ፒክአፕዎ ዳገት ላይ ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነት እንደማይጨምር፣ መካኒኩም ባለ ሁለት ክፍሉን ቮላኖ (ሞተሩ የሚያዞረውን ከባድ ክብ ብረት) በወጥ፣ ማለትም ባለ አንድ ክፍል፣ ቮላኖ እንዲተኩት እንደመከረዎት ገልጸዋል። ምልክቱ ያለቀ ፍሪሲዮን (ሞተሩን ከካምቢዮው፣ ማለትም ከማርሽ ሳጥኑ፣ የሚያገናኘውና የሚያላቅቀው ክፍል) ነው፤ ስለ ቮላኖው ግን ካምቢዮው ወርዶ የቮላኖው ፊት ሳይታይ አይወስኑ።

ባለ ሁለት ክፍሉ ቮላኖ በውስጡ ባሉት ሞላዎች የናፍጣ ሞተርን ንዝረት ስለሚያለዝብ የካምቢዮውን ጥርሶች ይጠብቃል፤ ሞላዎቹ ከላሉ ግን ቶርኖ ቤት መውሰዱ አያድነውም፣ መቀየር ብቻ ነው። ወጡ ቮላኖ ርካሽ ከመሆኑም በላይ፣ የጠለቀ ስንጥቅ እስከሌለበት ድረስ፣ ፊቱ በቶርኖ ሊስተካከል ይችላል፤ ሆኖም ሸራው (ቮላኖው ላይ የሚጣበቀው የፍሪሲዮን ዲስክ) ራሱ ሞላ ያለውና ለዚያው ሞተር የተሠራ ካልሆነ፣ መኪናው ቆሞ ሲሠራ የካምቢዮ መንቀጫቀጭ ያሰማል። ጭነት ይዞ ዳገት ለሚወጣ መኪና እኔ ፋብሪካው የገጠመለትን ዓይነት እመርጣለሁ፤ ዋጋው ከከበደዎት ግን ወጡም ነውር የለውም።

ሸራውን፣ እሱን ቮላኖው ላይ የሚጫነውን ፕሬሸር ፕሌትና የፍሪሲዮኑን ኩሽኔታ (ቤሪንግ) አንድ ላይ ይቀይሩ (ትልቁ ድካም ካምቢዮ ማውረዱ ነውና)። ከሞተሩ በስተኋላ ያለው የዘይት ማገጃ ጎማ የሚያንጠባጥብ ከሆነም አዲሱ ሸራ ከመግባቱ በፊት ይለወጥ፤ ዘይት የነካው ሸራ አዲስም ቢሆን ይንሸራተታል።