አባትሽ በአፍ የገቡትን ቃል አስቀድመሽ ጻፊው

ሰላም እህቴ። አባትሽ ከቡና ንግዳቸው ያቋቋሙትን የተማሪዎች መርጃ ድርጅት ለእናንተ ለልጆቻቸው እንዴት ያስረክቡ፣ «እኔ እያለሁ ምን አስቸኮላችሁ» ሲሉስ ምን እንበላቸው ብለሽ ጠይቀሻል። እኛም እዚሁ ጅማ ያለፍንበት ነውና የደረሰብንን ልንገርሽ።

አባታችን ጀንፈል፣ ማለትም ከነገለባው የደረቀ ቡና ሲነግዱ ኖረው፣ ካተረፉት የ40 ልጆችን ደብተርና ዩኒፎርም ይሸፍኑ ነበር። ድርጅቱ ማኅተምም ደንብም ነበረው፤ የባንክ ፊርማው ግን የእሳቸው ብቻ። ጳጉሜን ላይ ስትሮክ መታቸውና አንደበታቸው ተያዘ። ትምህርት ሊከፈት ሲል ከሒሳቡ አንድ ብር ማውጣት አልቻልንም፤ ከየኪሳችን አዋጥተን መስከረምን አለፍን።

የከበደን ግን ገንዘቡ አይደለም። ሰዎች ወደ ቤት ይመጡ ጀመር። አንዲት እናት ከሰቃ መጥታ «ልጅሽ አሥራ ሁለተኛን እስኪጨርስ አለሁልሽ ብለውኝ ነበር» አለች። ሌላው ለመስጊድ ቆርቆሮ፣ ሌላው ለሕክምና። ታላቅ ወንድሜ ለሁሉም እንክፈል አለ፤ እኔ በጽሑፍ የሌለውን አልከፍልም አልኩ። ሁለት ወር ተኳረፍን። በመጨረሻ መላ ያመጣችው እማዬ ናት። አልጋው ዳር ተቀምጣ ስሞቹን አንድ በአንድ አነበበችላቸው፤ ቃል የገቡለት ሰው ከሆነ እጇን ይጨብጣሉ። ከ19ኙ 14ቱ እውነት ሆነው ተገኙ። የሰቃዋ እናት እውነቷን ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ከበር መልሻታለሁ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ ስለ መረከብ አታንሺባቸው። «አባባ፣ ለማን ምን ቃል ገብተዋል? ስምዎን እንዳናሳፍር ይንገሩንና እንጻፈው» በዪ። ይህን ጥያቄ የሚቆጣበት አባት አላየሁም።

ሌላው ሕጉ ነው። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 «የቤተሰብ ፋውንዴሽን» የሚባል ለብቻው የቆመ ዓይነት የለም፤ ድርጅታችሁ በቦርድ የሚመራ ይሁን ኢንዶውመንት (ለበጎ ዓላማ የተለየ ንብረት የሚተዳደርበት)፣ ከምዝገባ ሰርተፊኬቱ እዪ። ከዚያ መተዳደሪያ ደንቡን ክፈቺ። ማን ማንን እንደሚተካ እዚያ ካልተጻፈ ታላቅነት ብቻውን ወንበር አይሰጥም። የመጋዘኑ ካርታ በአባትሽ ስም ከሆነ ደግሞ፣ ዛሬ ለበጎ ሥራ ቢውልም ነገ የወራሾች ንብረት ነው፤ በሕይወት እያሉ ወደ ድርጅቱ ይዛወር።

ከቤተሰብ ውጭ የሆነ ሰውም አስገቡ። እኛ አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ቦርዱ ውስጥ አስገባን። እሳቸው ፊት ወንድሜም እኔም መጮህ ያሳፍረናል፤ ብዙው ጠባችን የበረደው በዚያ ነው።

አባታችን አሁን በመጠኑ ይናገራሉ። ፊርማው የሦስት ሰው ሆኗል፤ ሁለቱ ከፈረሙ ገንዘቡ ይወጣል። መጀመሪያ «የክብር ሊቀመንበር» ብለናቸው ነበር፤ በየቀኑ ገንዘብ ያዧን እያስጠሩ መቆጣጠራቸውን አልተዉም። ልጆቹን የመምረጡን ሥራ ስንተውላቸው ግን ያ ቀረ። በየነሐሴው በረንዳ ላይ ተቀምጠው ልጆቹን ከነወላጆቻቸው ያነጋግራሉ፣ እኛ እንጽፋለን።

የአባትሽን ቃል የምትጽፊበትን ደብተር ጥቅምት ሳይገባ ጀምሪ እህቴ። ቡናው መለቀም ከጀመረ በኋላ አባትሽን ቁጭ አድርጎ የሚያነጋግራቸው የለም።