ፔፕታይድና የብር ናኖ ቅንጣት፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎችን በፔፕታይድና በብር (በማዕድኑ) ናኖ ቅንጣት፣ ማለትም እጅግ በደቀቀ ብናኙ፣ ጥምረት ስለመዋጋት የጠየቃችሁኝን እነሆ።

ፔፕታይድ ምንድን ነው?
አጭር የአሚኖ አሲድ (ፕሮቲን የሚገነባበት ሞለኪውል) ሰንሰለት ነው። አንዳንዱ ጀርም ይገድላል። የእኛም ሰውነት ይሠራዋል፤ ኤልኤል-37 የሚባለው 37 አሚኖ አሲድ አለው። በ1987 ደግሞ ተመራማሪው ማይክል ዛስሎፍ ከአፍሪካ እንቁራሪት ቆዳ ማጋይኒን የተባለ ጀርም ገዳይ ፔፕታይድ አገኘ።

ባክቴሪያውን ከእኛ ሴል በምን ይለያል?
በኤሌክትሪክ ቻርጅ። ፔፕታይዱ ፖዘቲቭ ነው፣ የባክቴሪያው ገጽ ኔጋቲቭ። ስለዚህ ይሳባሉ፤ ከተጠጋ በኋላ ገለፈቱን (ባክቴሪያውን የሸፈነውን ስስ ሽፋን) ይበሳዋል። መጠኑ ሲበዛ ግን የእኛንም ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል።

ታዲያ ብሩ ለምን አስፈለገ?
ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። ቁስል ውስጥ ፕሮቲን የሚቆራርጡ ኢንዛይሞች ሞልተዋል። ፔፕታይዱን ሥራውን ሳይጨርስ ይከታትፉታል። ብር በዚህ አይጠቃም። ከ100 ናኖሜትር በታች ሲደቅቅ አዮን (ቻርጅ ያለው አቶም) ይለቃል፤ አዮኑ የባክቴሪያውን ፕሮቲኖች ድኝ ያለበት ቦታ ላይ ይዞ ሥራ ያስፈታቸዋል። ችግሩ ብር መርጦ አይመታም። ሲጣመሩ ግን ብዙ ፔፕታይድ አንድ ቅንጣት ላይ ይደረደራል። ቅንጣቱን ወደ ባክቴሪያው ይጎትተዋል፣ ገለፈቱን ሲበሳም ለብሩ በር ይከፍትለታል። ያኔ የሁለቱም መጠን ሊቀንስ ይችላል። እኔን የሚያጓጓኝ ይሄ ነው፤ መጠን ሲቀንስ ጉዳቱም ይቀንሳላ!

በምን ይጣበቃሉ?
ፔፕታይዱ ጫፍ ላይ ሲስቴይን የተባለ፣ ድኝ ያለው አሚኖ አሲድ ይጨመራል። የሲስቴይን ድኝ ብርንም ወርቅንም አጥብቆ ይይዛል።

ባክቴሪያው አይለምደውም?
ሊለምድ ይችላል። ብርን ከውስጣቸው ገፍተው የሚያስወጡ ባክቴሪያዎች አሉ። ኮሊስቲን የተባለው አንቲባዮቲክም የፔፕታይድ ዘር ነው፤ እሱን የሚያከሽፍ፣ ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ የሚተላለፍ ጂን በ2015 ከቻይና ሪፖርት ተደርጓል። ሁለቱን ባንዴ መልመድ ግን ይከብዳል ብዬ አምናለሁ።

እናቴ ከውጭ የተላከላትን የብር ውሃ ትጠጣ?
በፍጹም! እባክሽ አስጥያት። የሚጠጣ ብር በሽታ ያድናል የሚል ማስረጃ የለም። ሰውነት ውስጥ ሲጠራቀም ቆዳን ግራጫማ ሰማያዊ ያደርጋል፤ አንዴ ከመጣ አይለቅም። ሐኪም ለቃጠሎ የሚያዘው የብር ቅባት ሌላ ነገር ነው።

መቼ ሐኪም ቤት ይደርሳል?
አብዛኛው ሥራ ገና በላብራቶሪና በአይጥ ላይ ነው። በደም ሥር ከተሰጠ ቅንጣቱ ጉበትና ጣፊያ ላይ ይከማቻል። ስለዚህ ቀድሞ የሚመጣው በቁስል ፋሻና በካቴተር (ሰውነት ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ) ሽፋን ይመስለኛል።