ማጣሪያውን ከማስወጣትህ በፊት ለሻጩ ጻፍለት

የአንባቢያችን ጥያቄ፦ «ከአምስት ሳምንት በፊት እዚሁ ባሕር ዳር ከአውሮፓ የመጣ ያገለገለ ገልባጭ መኪና ገዛሁ። ከጉማራና ከርብ አሸዋ አመላልስበታለሁ። በሁለተኛው ሳምንት የጭስ ማጣሪያው መብራት በራ። አሁን ጉልበት አጥቶ ጭነት ይዞ ዳገት አልወጣ ብሎኛል። ጋራዥ ስወስደው ‹ዲፒኤፉ (የናፍጣ ጭስ ማጣሪያው) ተደፍኗል፣ አዲሱ ውድ ነው፣ ውስጡን አውጥተን ከኮምፒውተሩ ላይ እናጥፋልህ› አሉኝ። ሻጩ ደግሞ ‹አይተህ ነው የገዛኸው› ብሎ ስልኩን ዘጋብኝ። ውሉ ላይ ‹ባለበት ሁኔታ አይቼና አስፈትሼ ገዝቻለሁ› የሚል ቃል አለ። ሻጩን መጠየቅ እችላለሁ? ማጣሪያውን ባስወጣውስ?»

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልለምንህ። የማጣሪያውን ውስጥ እንዳታስወጣ። ስለ ጭሱ ኋላ እመለስበታለሁ፤ አሁን የምለምንህ ግን ያ የተደፈነ ማጣሪያ በእጅህ ያለ ዋናው ማስረጃህ ስለሆነ ነው። ዛሬ አስፈልፍለህ ነገ ፍርድ ቤት ብትቆም ዳኛው «ጉድለቱ የቱ ላይ ነው?» ብሎ ሲጠይቅህ የምታሳየው ባዶ ማርሚታ ነው። ሻጩም «ራሱ ነው ያበላሸው» ይላል፣ አንተም የምትመልሰው አይኖርህም።

መብት አለህ ወይ? አዎ፣ አለህ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከአንቀጽ 2287 ጀምሮ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ መሆኑን ይደነግጋል። ዕቃው ለተለመደው አገልግሎት የሚያስፈልገውን ጠባይ ካጣ ጉድለት አለበት ማለት ነው። ጭነት ይዞ ዳገት የማይወጣ የጭነት መኪና ደግሞ ምኑ ነው የጭነት መኪና? «ባለበት ሁኔታ» የምትለዋ ቃል ብዙ ገዢ ታስፈራለች፤ ቢሮዬ የሚመጡት ገሚሶቹ በእሷ ምክንያት ተስፋ ቆርጠው ነው የሚመጡት። ቃሏ ዋጋ የላትም አልልህም። ዓይንህ ሊያየው የሚችለውን፣ የተበላ ጎማ፣ የተሰነጠቀ መስታወት፣ የዛገ ቦዲ፣ ዛሬ አንስተህ ብትከራከር አታሸንፍም። ነገር ግን ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ ከደበቀህ ያቺ ቃል አታድነውም። ለምሳሌ ከመሸጡ በፊት የመኪናው ኮምፒውተር የሚመዘግበውን የብልሽት ኮድ አስጠፍቶ መብራቱ ለጥቂት ቀን እንዳይበራ አድርጎ ከሆነ፣ ያ ተንኮል ነው፤ ሕጉም በአንቀጽ 1704 ተንኮል ውል ሊያስፈርስ እንደሚችል ይናገራል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። ማስረዳት ያለብህ አንተ ነህ። ጉድለቱ መኪናውን ስትረከብ እንደነበረ ካላሳየህ ሻጩ መልሱን አዘጋጅቶ ይጠብቅሃል፦ «ወንዝ ዳር ሞተር ሳያጠፋ አሸዋ ሲያስጭን ይውላል፣ በቀስታ ይነዳል፣ ራሱ ደፈነው» ይላል። ይህ መልስ ደግሞ ዝም ብሎ የሚጣል አይደለም፣ ምክንያቱም ማጣሪያው በእርግጥ እንደዚያ ሊደፈን ይችላል። ዲፒኤፍ የጭሱን ጥላሸት ይይዛል፣ ከዚያ እስከ 600 ዲግሪ ገደማ ግሎ ያቃጥለዋል። ለዚያ ሞተሩ መሞቅና ሳያቋርጥ መሥራት አለበት። ቆሞ የሚንፏቀቅ መኪና ያን ሙቀት አያገኝም፣ ስለዚህ ጥላሸቱ በሳምንታት ውስጥ ሊሞላ ይችላል።

አንተን ሊያድንህ የሚችለው አመድ ነው። ጥላሸት ይቃጠላል፣ አመድ ግን አይቃጠልም። አመዱ የሚመጣው ከሞተር ዘይት ውስጥ ካለው ማዕድን ነው፤ ቀስ በቀስ በብዙ ዓመትና በብዙ ኪሎ ሜትር ነው የሚጠራቀመው። በአምስት ሳምንት ውስጥ ማጣሪያ በአመድ የሚሞላ ጤነኛ መኪና የለም። ስለዚህ ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያ ማጣሪያውን ፈትቶ፣ ጥላሸቱን አቃጥሎ የቀረውን ቢመዝንና «የሞላው አመድ ነው» ብሎ በጽሑፍ ቢሰጥህ፣ ጉድለቱ ካንተ በፊት እንደነበረ ከዚህ የተሻለ ምስክር አታገኝም። የመኪናውን ኮምፒውተርም አስነብብ። የብልሽት ኮዱ መጀመሪያ የተመዘገበው ስንት ኪሎ ሜትር ላይ እንደሆነ ብዙ መኪኖች ያስቀምጣሉ፤ ከተረከብክበት ቀን ኪሎ ሜትር በፊት ከሆነ ጉዳይህ በግማሽ አለቀ። ይህን ሁሉ ስታደርግ ፎቶ አንሳ፣ ቪዲዮ ቅረጽ፣ ደረሰኝ ተቀበል፣ ማጣሪያው ሲፈታ አንድ ሌላ ሰው ይኑር።

በዚያው ለሞተሩ አየር የሚገፋው ቱርቦ ዘይት እንደማይተፋ፣ ናፍጣ የሚረጨው ኢንጀክተርም እንደማያፈስ አስፈትሽ። ማጣሪያ ብዙ ጊዜ የሌላ በሽታ ምልክት ነው፤ ሥሩ ካልተነካ አዲሱም በወራት ይደፈናል።

በሌላ በኩል፣ ምርመራው ጥላሸት ብቻ ነው ካለና ቢጸዳ መኪናው ወደ ጉልበቱ ከተመለሰ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ክስህ ደካማ ነው። ያረጀ መኪና የገዛ ሰው እንደ አዲስ እንዲሠራለት ሕጉ ቃል አይገባለትም። በዚያ ጊዜ ገንዘብህን ለጠበቃ ሳይሆን ለጽዳት አውለው። (መካኒኩ መኪናውን አቁሞ ማጣሪያውን በግድ የሚያቃጥል ከሆነ ደረቅ ሣር ወይም ገለባ አጠገብ አይሁን፤ ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ሙቀት እሳት ያስነሳል።)

ሌላው የምለምንህ ጊዜን በተመለከተ ነው። ገዢ ዕቃውን ዕድል እንዳገኘ መመርመር፣ ጉድለት ሲያገኝም ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት፤ ዝም ካለ መብቱን ያጣል። ስልክ ደውለሃል፣ ጥሩ ነው፣ ግን ሻጩ «አልደወለልኝም» ቢል በምን ታስረዳለህ? ስለዚህ ጻፍ። በሁለት ቅጂ ጽፈህ አንዱ ላይ አስፈርመው፣ እምቢ ካለ በፖስታ ቤት በአደራ ላክለት፣ በቴሌግራምም ድገመው። ማስታወቂያውን ከሰጠህ በኋላ ክሱን የማቅረቢያ አንድ ዓመት አለህ። ያ ዓመት ረጅም ይመስላል። ሽማግሌ ገብቶ «ከጥምቀት በኋላ፣ ከፋሲካ በኋላ» ሲባል ሲያልቅ አይቻለሁ፣ እያየሁም አዝኛለሁ። ሽምግልናውን አትናቅ፤ እንዲያውም እንደ አንተ ላለው ጉዳይ የማጽጃውን ወይም የማጣሪያውን ወጪ ተካፍሎ መለያየት ብዙ ጊዜ ከፍርድ ቤት ይሻላል። ግን ስምምነቱ ይጻፍ፣ ሁለታችሁም ፈርሙበት፣ ሽማግሌዎቹም ይፈርሙ። ያሻሻጣችሁ ደላላ ካለ እሱንም አትርሳው። ሲያሻሽጥ «ሞተሩ ምንም አልተነካም» ብሎ የላከልህ መልእክት ካለ አስቀምጠው።

አሁን ማስወጣቱን በተመለከተ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብትን ለሁሉም ይሰጣል፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ም ከደረጃው በላይ መበከልን ይከለክላል። ማጣሪያ የሌለው መኪና የዓመታዊ ምርመራ ጊዜ ሲደርስ ችግር ላይ ሊጥልህ ይችላል። ነገ ደግሞ ስትሸጠው ለገዢህ ካልነገርከው ዛሬ ሻጩን የምትከስበት ነገር ራስህ ላይ ይመጣል። በ2004 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የናፍጣ ጭስ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ አረጋግጦ መድቦታል። አሸዋ ይዘህ በሐሙሲት ስታልፍ መንገድ ዳር ቆመው ቲማቲም የሚሸጡትን፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሱትን ልጆች አስባቸው። እኔም በዚያ መንገድ ብዙ ጊዜ እመላለሳለሁ፣ ጥቁር ጭስ ከፊቴ ሲወጣ መስኮት ከመዝጋት በቀር የማደርገው አጣለሁ። እነሱ መስኮት የላቸውም።

ደብዳቤውን ዛሬ ማታ ጻፍ። ቋንቋው አያስጨንቅህ፣ እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦

«በዚህ ቀን በዚህ የሰሌዳ ቁጥር የሸጡልኝ መኪና የጭስ ማጣሪያው የተደፈነ ሆኖ ስላገኘሁት ጭነት ይዞ መሥራት አልቻለም። ጉድለቱ ከርክክቡ በፊት የነበረ ነው ብዬ አምናለሁ። ማጣሪያው በባለሙያ የሚፈታው በዚህ ቀን በዚህ ጋራዥ ስለሆነ፣ ራስዎ ወይም የመረጡት መካኒክ ተገኝቶ እንዲያይ እጠይቃለሁ። በ10 ቀን ውስጥ መልስ ካልሰጡኝ በሕግ የምጠይቅ መሆኔን አስታውቃለሁ።»

ቀኑን፣ ስምህንና ፊርማህን ጨምር። የውሉንና የሊብሬውን ቅጂ አባሪ አድርግ። አሥሩ ቀን እስኪያልፍ መኪናውን አቁመው፤ ማቆም ካልቻልክ ግን እየነዳህ ማቆየቱ ጉዳቱን ሊያባብሰው እንደሚችልና ሻጩም ያንን ሊያነሳብህ እንደሚችል አውቀህ ንዳው።