መልስ፦ አብራሪው የሚታዘዘው ለማን ነው?

የምድር፣ የባሕርና የአየር ኃይል አንድ ላይ ሲዘምቱ ሦስቱ አዛዦች እኩል ሆነው ቢመሩስ ብለሃል። አይሆንም። ከላይ አንድ አዛዥ አስቀምጥ፤ ሦስቱን ከሥሩ አስገባ።

የኖርማንዲውን ዘመቻ እይ፦ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1944፣ አሜሪካ፣ እንግሊዝና አጋሮቻቸው ጀርመን በያዘችው ፈረንሳይ የባሕር ዳርቻ ያረፉበትን። ጠቅላይ አዛዡ አይዘንሃወር ነበር። ራምሴ መርከቦቹን፣ ሊ-ማሎሪ አውሮፕላኖቹን፣ ሞንትጎመሪ የምድር ጦሩን ይዘው ለእሱ ይታዘዙ ነበር። ከባዶቹ ቦምብ ጣዮች ግን ከሊ-ማሎሪ እጅ ውጭ ነበሩ። ጭቅጭቁም የበዛው በእነሱ ነው።

የየኃይሉ ዋና አዛዥ በሰላሙ ጊዜ ያሠለጥናል፣ ያስታጥቃል። ዘመቻውን የሚመራው ሌላ ሰው ነው። አሜሪካኖች ይህን በሕግ ያጠበቁት እ.ኤ.አ. በ1986 ነው።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ ማን ለማን እንደሚታዘዝ በሥዕል ስታሳይ ለአንድ ክፍል ሁለት የትእዛዝ ቀስት አትሳል። እኔ ደብረ ሲና ለተማሪዎች ሳስረዳ ይህንኑ ሠርቻለሁ። ለአንዲት የማመላለሻ አውሮፕላን አንድ ቀስት ከምድር ጦር፣ አንድ ከአየር ኃይል። ሊያዳምጡ የመጡ ጡረተኛ ሻለቃ ተነሡና ጣታቸውን ሰሌዳው ላይ አሳረፉ። «ልጄ፣ አንዱ ‹ተነሣ›፣ ሌላው ‹ቆይ› ቢለው አብራሪው የቱን ይስማ?» አሉኝ።

ምን ልበል? አንዱን ቀስት በመዳፌ ጠረግኩት።