ሲሚንቶ የለበሰ የጭቃ ግድግዳ ለምን ይገነጠላል?

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ክረምቱ ሲወጣ ከደሴና ከኮምቦልቻ የሚደርሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ግድግዳ ናቸው። ለዚህ እትም አራቱን መርጠናል።

ጥያቄ፦ ከአባታችን የወረስነው ቤት የጭቃ ነው፤ አርባ ዓመት አልፎታል። የዛሬ ሁለት ዓመት እንዲያምር ብለን በውጭ በኩል የዶሮ ሽቦ አስመትተን በሲሚንቶ አስለሰንነው። ዘንድሮ ልስኑ ተሰነጣጠቀና አንዱ ጎን እንደ ቅርፊት ተገንጥሎ ወደቀ። ከሥሩ ያለው ጭቃ እርጥብ ነው፤ ሁለት ቋሚዎችም በስብሰዋል። አናጢው «አፍርሰን በብሎኬት እንሥራው» ይለናል። ምን ትላላችሁ? (ከሆጤ፣ ደሴ)

መልስ፦ ለማፍረስ አይቸኩሉ። ሁለት ቋሚ መበስበሱ ብቻውን ቤት አያስፈርስም።

ጭቃ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ሲሚንቶ ደርቆ ከጠነከረ በኋላ አብሮት አይሄድም። ስለዚህ ሁለቱ ይላቀቃሉ፤ ልስኑ ላይም ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ትወጣለች። በዚያች ስንጥቅ የገባ ውሃ መውጫ የለውም። በጭቃ የተመረገ ግድግዳ ሐምሌ ላይ ቢረጥብ ጥቅምት ላይ ነፋስ ያደርቀዋል፤ ሲሚንቶ የለበሰው ግን ውሃውን ይዞ ይከርማል። ውሃው ወርዶ የሚጠራቀመው ቋሚዎቹ እግር ላይ ነው፤ እንጨትዎ ከታች የጀመረውም ለዚህ ነው። የዶሮ ሽቦው ልስኑን ለጊዜው ይይዘዋል፤ ሚስማሩ ዝጎ ሲበጠስ ግን ገበታ ገበታ የሚያህል ልስን ባንዴ ይወርዳል። ከሥሩ ልጆች እንዳይጫወቱ ያድርጉ።

ሥራውን ከመስቀል በኋላ ይጀምሩ። ደሴ ላይ በልጉ ቀድሞ ሊገባ ስለሚችል እስከ ጥር ቢያልቅ ይሻላል። ግድግዳውን በመዶሻ እጀታ ቀስ እያሉ ይምቱና ያዳምጡ፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ክፍል ጭቃውን ለቋልና ሁሉንም ያውርዱት። ጥብቅ ያለውንም ቢሆን ከመሬት እስከ አንድ ሜትር ድረስ ያንሱለት፤ በቋሚዎቹ እግር ዙሪያ ያለው እርጥበት የሚወጣው በዚያ ነው። ከዚያ ሦስትና አራት ሳምንት ሳይነኩት ይድረቅ።

ቋሚዎቹን አንድ በአንድ በረጅም ሚስማር ይውጓቸው። በእጅ ግፊት ብቻ ከአንድ ሳንቲም በላይ ከገባ እንጨቱ አልቆለታል። ከመቁረጥዎ በፊት ጣሪያውን የተሸከመውን የግድግዳ አናት አግዳሚ ከውስጥ በኩል በድጋፍ ያቁሙ። የበሰበሰውን ይቁረጡ፤ ጤነኛ እንጨት ላይ ሲደርሱም አንድ ጋት ይጨምሩ። በተቆረጠው ቦታ ሌላ እንጨት አይቀጥሉ፤ ከመሬት ቢያንስ 40 ሳንቲም ከፍ ያለ የድንጋይ ካብ ይሥሩና ቋሚውን በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ያሳርፉት። ከመሬት የተነቀለ ቋሚ ወደ ጎን የሚይዘው የለም፤ ስለዚህ ግራና ቀኝ ካሉት ጋር በማገር ይሰሩት፣ የቤቱ ማዕዘን ላይም ሰያፍ እንጨት ይምቱ። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቋሚዎችን በአንድ ቀን አይንኩ።

ይህን ሁሉ ሠርተው የውሃውን መንገድ ካልዘጉ ግን ድካምዎ ከንቱ ነው። ሆጤ ተዳፋት ነው፤ በላይ በኩል የሚወርደው አፈር በየዓመቱ ግድግዳ ሥር ይከማችና የነበረውን የድንጋይ መሠረት ይቀብረዋል። ይዛቁት። ከግድግዳው አንድ ሜትር ርቆ ቦይ ይቅደዱ፤ መሬቱም በአንድ ሜትር 5 ሳንቲም ያህል ወደ ቦዩ ያዘንብል። የቆርቆሮው ጠርዝ ከግድግዳው 60 ሳንቲም ካልወጣ ያስረዝሙት፤ አሸንዳ ካለ ደግሞ ውሃው ቦዩ ውስጥ ይውደቅ እንጂ ማዕዘኑ ሥር አይውደቅ።

ማማሩን በተመለከተ፣ እንደገና ተመርጎ በደንብ በደረቀ ግድግዳ ላይ እንደ ወተት የቀጠነ ኖራ ሦስት አራት ጊዜ ይቀቡ፤ በየመሐሉ አንድ ቀን ይለፍ፣ ከመቀባትዎ በፊትም ግድግዳውን በውሃ ረጨት ያድርጉት። ነጭ ሆኖ ያምራል፣ እርጥበትም ያሳልፋል። በየሁለት ሦስት ዓመቱ መደገሙ አይቀርም፤ ቢሆንም ከሲሚንቶው ወጪ ጋር አይወዳደርም።

ጥያቄ፦ የጭቃ ቤት ላቆም ነው። የበፊቱ ቤቴ ግድግዳ በደረቀ በሳምንቱ ተሰነጣጠቀ። ምን ዓይነት አፈር፣ ስንት ጭድ ልጠቀም? ምስጡስ? (ከበርበሬ ወንዝ፣ ኮምቦልቻ)

መልስ፦ የተሰነጣጠቀው አፈሩ ዋልካ ስለነበረ ሳይሆን አይቀርም። ዋልካ ሲደርቅ ከማንኛውም አፈር በላይ ይኮማተራል፤ ጭድ ቢያበዙበትም አይድንም። ቀይ ወይም ቡናማ አፈር ይፈልጉ፤ የላይኛውን ሥራ ሥር የሞላበትን አፈር አንስተው ከሥሩ ይውሰዱ።

አፈሩን ለመፈተን ጠጠሩን ለቅመው በትንሽ ውሃ ያሹት፤ ሦስት ሳንቲም ውፍረት ያለው ገመድ አድርገው ያድቦልቡሉትና ከጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ቀስ እያሉ ወደ ውጭ ይግፉት። 5 ሳንቲም ሳይሞላ ከተቆረጠ አሸዋ በዝቶበታል። ከ5 እስከ 15 ሳንቲም ላይ ከተቆረጠ ጥሩ ነው። ከ15 ካለፈ ሙጫነቱ በዝቷልና አሸዋ ይጨምሩበት።

ለ10 ባልዲ አፈር ከ3 እስከ 4 ባልዲ የጤፍ ጭድ ይበቃል፤ ባልዲው ውስጥ ጠቅጠቅ አድርገው ይለኩት። የስንዴ ወይም የገብስ ጭድ ከሆነ ሸካራ ስለሆነ ይቆራርጡት። ውሃ አጠጥተው በእግር ይርገጡት፤ ከዚያ ይቡካ። በየሦስት ቀኑ እየገለበጡና እየረገጡ ሁለት ሳምንት ያቆዩት። ሽታው ቢከረፋዎት አይደንግጡ፤ ጭዱ ሲበሰብስ የሚወጣው ዝልግልግ ነገር ነው ጭቃውን የሚያጣብቀው። እዚህ ላይ መቸኮል ነው ብዙ ግድግዳ የሚያበላሸው፤ ጠዋት ተቦክቶ ከሰዓት የሚመረግ ጭቃ ግድግዳ ላይ የሚቆየው እስኪደርቅ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ምርጊት በማገሩ መሐል ከሁለቱም ወገን በኃይል ተወርውሮ ይሞላ፤ ፊቱን አያለስልሱት፣ በጣት ይቧጭሩት እንጂ። እሱ ደርቆ ስንጥቁ ሁሉ ከወጣ በኋላ ግድግዳውን በውሃ ረጭተው ከአንድ እስከ ሁለት ሳንቲም የሚሆን ሁለተኛ ምርጊት ይድገሙ። ሦስተኛው በወንፊት ከተነፋ አፈር፣ ከደቃቅ ጭድና ከትኩስ እበት የሚሠራ ስስ ልስን ነው።

ኮምቦልቻ ከደሴ ዝቅ ያለና ሞቃት ስለሆነ ምስጡ ይበረታል። ጥድና ወይራ ይቋቋሙታል፤ ባሕር ዛፍ መሬት ውስጥ ከተተከለ ግን በጥቂት ዓመት ይበላል። ባሕር ዛፍ ብቻ ካለዎት ልጡን ልጠው በጥላ ያድርቁት፤ ከልጡ ጋር መትከል ተባዩን አብሮ መትከል ነው። ዋናው መፍትሔ ግን ለሆጤው አንባቢ ያልነው የድንጋይ ካብ ነው። ምስጥ ከመሬት ሲወጣ የጭቃ ዋሻ ሠርቶ ነው፤ ድንጋዩ ፊት ላይ ዋሻው በዓይን ይታያል። በወር አንዴ ዞር ብለው ያዩትን ይፋቁት።

ጥያቄ፦ በጣሊያን ጊዜ የተሠራ የድንጋይ ቤት አለን፤ በድንጋዮቹ መሐል ያለው ኖራ እየረገፈ ነው። ግንበኛው በሲሚንቶ ልሙላው ይላል። (ከፒያሳ፣ ደሴ)

መልስ፦ አይሙላው። በኖራ የታሰረ ግድግዳ በመጋጠሚያው በኩል ነው የሚደርቀው፤ ሲሚንቶ ያንን ይዘጋና ውሃው የውስጡን ኖራ እያላላው ይሄዳል።

የረገፈውን 2 ሳንቲም ያህል ጥልቀት ድረስ በእጅ መሮ ያውጡ፤ በማሽን አይቁረጡት፣ የድንጋዩን ጠርዝ ይጎዳልና። አቧራውን ጠርገው በውሃ ያርሱት። ድብልቁ አንድ እጅ ኖራ፣ ሦስት እጅ የታጠበ ሸካራ አሸዋ ነው። ጠበቅ አድርገው ይጠቅጥቁና በረጠበ ጆንያ ይሸፍኑት፤ ለአንድ ሳምንት ጆንያው አይድረቅ። ኖራ የሚጠነክረው ከአየር በሚወስደው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀስ ብሎ ነው፤ ፀሐይ ፈጥኖ ካደረቀው ዱቄት ሆኖ ይቀራል።

የሚገዙትን ኖራ ይፈትኑ። ከረጢቱ ተከፍቶ የከረመ ከሆነ ጥንካሬውን ጨርሷል። በማንኪያ ወስደው ሎሚ ይጭመቁበት፤ በኃይል ከፈላና ከኮረፈ ወደ ድንጋይነቱ ተመልሷልና አይግዙት። ያልበረደ (ገና ውሃ ያልነካው) ጥሬ ኖራ ካገኙ ደግሞ ኖራውን ወደ ውሃው ቀስ በቀስ ይጨምሩ እንጂ ውሃውን ኖራው ላይ አያፍስሱ፤ ይፈላል፣ ይፈናጠራል፣ ዓይንም ያጠፋል። ዓይን ከነካ ወዲያው በብዙ ውሃ አጥቦ ሐኪም ቤት መሄድ ነው። የበረደውን ኖራ ውሃ አልብሰው ቢያንስ አንድ ወር ካቆዩት በኋላ ይጠቀሙበት።

ጥያቄ፦ ከ2017ቱ የፈንታሌ መንቀጥቀጥ ወዲህ ሐሳብ ገብቶናል። በጭቃ የተገነባ የድንጋይ ቤት ይሻላል ወይስ የእንጨትና የጭቃ? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ለመንቀጥቀጥ የእንጨትና የጭቃው ይሻላል። ቀላል ነው፣ ማገሩም አንድ ላይ ስለያዘው ዘንበል ቀና ይላል፤ ጭቃው ቢረግፍም ጣሪያው ሰው ላይ የመውረድ ዕድሉ ያነሰ ነው። በጭቃ ብቻ የተያያዘ ድንጋይ ከባድ ነው፤ ግድግዳው በውስጥና በውጭ ፊቱ ለሁለት ይሰነጠቅና ይዘረገፋል። አካባቢያችን ለዚህ እንግዳ አይደለም፤ በ1953 ዓ.ም. ከኮምቦልቻ በስተደቡብ ካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው መንቀጥቀጥ ማጀቴን አውድሟል። ያለዎት ቤት የድንጋይ ከሆነ ከውስጥ እስከ ውጭ የሚደርስ ረጅም ድንጋይ በየሜትሩ እንዳለው ያረጋግጡ። በግድግዳው አናት ዙሪያም ማዕዘን ለማዕዘን በሚገባ የተያያዘ የእንጨት ቀለበት ያስገቡለት፤ ወራጆቹም በዚያ እንጨት ላይ ይታሰሩ።