የአንባቢያን ጥያቄ፦ ይህ ሰውዬ በእውነት ማን ነው?

(የሃሪ ፖተርን መጻሕፍት ወይም የጆርጅ አር አር ማርቲንን የዌስተሮስ ታሪክ ገና እያነበባችሁ ከሆነ የዛሬውን አምድ ዝለሉት፤ ሚስጥር ይወጣል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ ፋንታሲ ልብወለድ ነፍሴ ነው። ግን ስለ አንድ መጽሐፍ ማውራት ስጀምር ሁሉም ሰው «እገሌኮ እውነተኛ ማንነቱ ሌላ ነው» ይለኛል። አንዳንዱ ግምት ያሳምናል፣ አንዳንዱ ጭራሽ አይመስልም። በምን ልለያቸው? — ግራ የገባት

መልስ፦ እህቴ፣ እኔ መጀመሪያ የማየው ፍንጩ ስንት ቦታ ላይ እንዳለ ነው። አንድ ቦታ ብቻ ከሆነ አልቸኩልም። ማርክ ኢቫንስን አስታውሺ። በ2003 በወጣው አምስተኛው የሃሪ ፖተር መጽሐፍ ላይ የሃሪ የአክስት ልጅ ዳድሊና ጓደኞቹ የደበደቡት የ10 ዓመት ልጅ ነው፤ ስሙ ተጠርቶ ያልፋል፣ በቃ። የሃሪ እናት ሊሊም ከማግባቷ በፊት ኢቫንስ ስለነበረች ብዙ አንባቢ ልጁን የሃሪ ዘመድ አደረገው። በ2004 ደራሲዋ ጄ ኬ ሮውሊንግ ራሷ ልጁ ማንም እንዳልሆነ ተናገረች።

ስካበርስን ግን እዪው። የሃሪ ጓደኛ የሮን አይጥ ከመጀመሪያው መጽሐፍ (1997) ጀምሮ አለ፤ ያረጀ፣ እንቅልፋም፣ ማንም ልብ የማይለው። ሦስተኛው ላይ (1999) ተራ አይጥ ከሦስት ዓመት በላይ እንደማይኖር እንሰማለን፣ እሱ ግን ቤተሰቡ ዘንድ 12 ዓመት ኖሯል። አንድ ጣትም ይጎድለዋል። ሞተ ከተባለው ከሃሪ አባት ጓደኛ ከፒተር ፔቲግሩ የተገኘው ደግሞ ጣቱ ብቻ ነው! ዕድሜው፣ ጣቱ፣ የጠፋበት ጊዜ፣ ሁሉም አንድ ሰው ላይ ይገጥማሉ፤ አይጡ ራሱን የለወጠው ፔቲግሩ ነው። እንዲህ ያለው ነው የሚታመነው።

ጥያቄ፦ በማርቲን የዌስተሮስ ታሪክ ውስጥ ጆን ስኖው የኔድ ስታርክ ልጅ እንዳልሆነ በ2016 በቴሌቪዥን አየን። አስቀድመው የገመቱት ሰዎች በምን አወቁ? እኔ መጽሐፉን አንብቤ ምንም አልታየኝም። — የዘገየው

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንደገና አንብበው፣ ዓይንህን ኔድ ላይ አድርግ። የመጀመሪያው መጽሐፍ በ1996 ሲወጣ ጀምሮ ነገሩ እዚያው ነበር። በኔድ ምዕራፎች ላይ የሚያስበውን ሁሉ እንሰማለን፤ ሆኖም እህቱ ሊያና ስትሞት ያስገባችውን ቃል ደጋግሞ እያስታወሰ፣ ቃሉ ምን እንደሆነ አንዴም አይነግረንም። ሚስቱ ስለ ጆን እናት ስትጠይቀው ደሙ መሆኑን ብቻ ነግሮ ዝም ያሰኛታል። የእህት ልጅም ደም ነው እኮ! ደግሞ ክብሩን እንዲህ የሚጠብቅ ሰው ከውጭ ወልዶ ልጁን ቤቱ ማምጣቱ ራሱ አይገጥምም።

ከዚያ አበባው አለ። ልዑል ሬጋር ታርጋሪያን የፈረሰኞች ውድድር አሸንፎ፣ ሚስቱ እዚያው ተቀምጣ እያለች፣ የሰማያዊ ጽጌረዳ አክሊሉን ለሊያና ይሰጣል። በሁለተኛው መጽሐፍ (1998) የሬጋር እህት ዴነሪስ ከምታያቸው ራእዮች በአንዱ ሰማያዊ አበባ ከበረዶ ግንብ ስንጥቅ ላይ በቅሏል። የበረዶው ግንብ ጠባቂ ማን ነው? ጆን! እኔ እዚህ ቦታ ስደርስ አሁንም ልቤ ይመታል። መጽሐፉ እስከ አምስተኛው ቅጽ (2011) ድረስ ጆን የሊያናና የሬጋር ልጅ መሆኑን በግልጽ ተናግሮ አያውቅም፣ ግን ክሩን ለሚከተል ሰው ሁሉንም አስቀምጦለታል።

ጥያቄ፦ አምስተኛው ላይ የመጣው ወጣቱ ግሪፍስ? በእርግጥ የሬጋር ልጅ ኤጎን ነው? — የዘንዶ ወዳጅ

መልስ፦ እኔ አላምነውም። በሕፃንነቱ ተገደለ የተባለው ኤጎን በድብቅ አድጎ ተመለሰ ነው የሚሉን። ግን በእነዚያው የዴነሪስ ራእዮች ውስጥ፣ ሕዝብ በእልልታ የሚቀበለው፣ በእንጨት ላይ የተሰቀለ የጨርቅ ዘንዶ አለ፤ ዘንዶ የታርጋሪያኖች ምልክት ነው፣ የጨርቁ ግን የውሸት። ከልጁ ጋር የተሰለፈው ወርቃማው ጓድ ደግሞ ከታርጋሪያኖች ጋር ዙፋን ሲፎካከር ለኖረው ለብላክፋየር ወገን የተመሠረተ ጦር ነው። ዛሬ በድንገት ለታርጋሪያን የሚሞትበት ምክንያት ምንድነው? ልጁ ራሱ የብላክፋየር ዘር ከሆነ ግን ሁሉም ይገባል። ኢሊሪዮንም እይ፤ ይህ ሀብታም ነጋዴ ለወጣቱ ግሪፍ የሚወደውን የዝንጅብል ከረሜላ ይልክለታል፣ ስለ እሱ ሲያወራም ያዝናል። ለሌላ ሰው ልጅ እንዲህ አይናፈቅም።